የጦና ሱሺ ቤት ቀማሾች

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ውሃው እየሸሸ ከተወው ደረቅ ጭቃ ከፍ ብሎ፣ ስምንት ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ ሱሺ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ጦና ይባላሉ። ቤቱን የከፈቱት አባታቸው ናቸው፤ ሙያውንም የተማሩት መንገድ ሊሠሩ ለመጡ ጃፓኖች ምግብ አብሳይ ሆነው ሲያገለግሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። የዋንዛው ባንኮኒ ከደንበኞች ክርን ብዛት መሐሉ ጎድጉዷል። ሩዙ በኮምጣጤ ይታሻል፣ በባሕር አረም ፋንታ በደረቀ የጎመን ቅጠል ይጠቀለላል፣ ላዩ ላይ በስሱ የተቆረጠ ጥሬ የቆሮሶ ዓሣ ይተኛበታል፤ ከሳህኑ ዳር ደግሞ የቃሪያ ዳጣ ይደረጋል። ጋሽ ጦና እያንዳንዷን ጉርሻ በመዳፋቸው ጨብጠው፣ የደንበኛውን ፊት አይተው፣ በእጃቸው ከፊቱ ያስቀምጣሉ። በከተማው ውስጥ ምግብ በሰው እጅ የሚቀርብባቸውና ደሞዝተኛ የሚደፍራቸው ቤቶች በዚያን ጊዜ ጥቂት ነበሩ።

አስካለ ዳንጊሶ እዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ተመላልሳለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው። በወጣትነቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አሁን ልብሱን የሚሰፉት መሣሪያዎች ናቸው፤ እርሷ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ በስድስት መቶ መሣሪያዎች መካከል እየተመላለሰች የቆመ ካለ ታያለች። ብዙውን ጊዜ የቆመ የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ቤቷ ያለው ምግብ ፋብሪካው በየሳምንቱ የሚያድላት ቅልቅል ነው፤ በሙቅ ውሃ በጥብጠው የሚጠጡት ግራጫ ዱቄት። ጎረቤቶቿም የሚኖሩት በእርሱ ነው። ማኘክ የማያስፈልገው በመሆኑ በሰፈሩ ጥርሳቸውን የሚያማቸው ሰዎች በዝተው ነበር።

አስካለ ከሥራ እንደወጣች ወደ ጋሽ ጦና ቤት ትሄድና ከመስኮቱ ውጭ፣ ቆርቆሮው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ቤቱ የሚከፈተው አምስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሚሆነው ነገር ሁሉ የቀማሹ ነው።

ሐይቁ ከሞቀ ወዲህ ውሃው ላይ አረንጓዴ አረፋ ይዘረጋል፤ ሰዉ ሽፋኑ ይለዋል። ሽፋኑ በመጣ ሰሞን የተያዘ ዓሣ አንዳንዱ ደህና ነው፣ አንዳንዱ ሰው ይገድላል። በመልክም ሆነ በጠረን አይለይም። በትልልቆቹ ሆቴሎች የሚለይ መሣሪያ አለ፤ እዚያ አንድ ሳህን ዓሣ ለመብላት ግን የአስካለ የሳምንት ደሞዝ አይበቃም። ለትንንሾቹ ቤቶች ደንቡ ሌላ ነው። ቀማሽ ይቀጥራሉ። ቀማሹ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከዕለቱ ዓሣ ይበላል፤ ከዚያ በየሰዓቱ፣ እስከ አምስት ሰዓት አራት ጊዜ፣ ግድግዳው ላይ ባለችው መቅረጫ ዓይን ፊት ስሙንና ቀኑን ይናገራል፣ በመርፌ ቀዳዳም ክር ያሳልፋል። ሽፋኑ መጀመሪያ የሚይዘው ጣትን ነው፣ ቀጥሎ ከንፈርን፣ ከዚያ ትንፋሽን። አራቱን ፈተና ካለፈ ነጭ መብራት ይበራል፣ የበሩ መጋረጃ ይነሣል። ዓይኗ ፊት አታይም። ፊት መቅረጽ የግል ነጻነት ይነካል ተብሎ ክስ ከቀረበ በኋላ የምታየው ጓንት ያጠለቁ ሁለት እጆችን ብቻ ነው።

የጋሽ ጦና ቀማሽ ሉቃስ ይባላል። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ጨዋታ የማያበዛ። ከእህቱ ከአማረች ጋር ነበር የሚኖረው። ደንበኞች ሲመጡ በመስኮቱ በኩል ሰላም ይሉታል፣ እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ፣ እህትህ ደህና ናት፣ ሙቀቱ እንዴት ነው እያሉ። ሰላምታው የሚረዝመው ለፍቅር ብቻ አልነበረም። ሲመልስ አንደበቱን ያዳምጣሉ። እርሱም ይህን ስለሚያውቅ ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ጥርት አድርጎ ይመልሳል።

ደንቡ ማንም ሰው ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይቀምስ ይከለክላል። ደህና የሚባለውም ዓሣ ትንሽ ትንሽ ሽፋን አያጣውም፤ እርሱ ተጠራቅሞ ጣትን ያደነዝዛል። የሉቃስ ሁለት ዓመት ሞልቶ ነበር። ጋሽ ጦና ሌላ ሰው ፈልገው አጡ፤ ሉቃስም ሌላ ሥራ ፈልጎ አጣ። ስለዚህ በሞተው ወንድሙ መታወቂያ ሁለተኛ ጊዜ ተመዘገበ፤ ዓይኗ ፊትም በወንድሙ ስም ይናገር ጀመር። ደንበኞቹ ሁሉ ያውቃሉ። አንድም ሰው አልተናገረም።

በሦስተኛው ዓመት፣ በግንቦት፣ አስካለ አንድ ነገር አስተዋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ መርፌ የያዘች ሰው ናትና የሉቃስ ጣቶች ክሩን እንደማይሰማቸው ለማወቅ አልከበዳትም። ክሩን የሚያገኘው በዓይኑ ነው። ሁለቴ ይስታል፣ በሦስተኛው ያስገባል። ከሳምንት በኋላ አምስቴ ይስት ጀመር። ለፈተናው የተሰጠው ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው።

አንድ ቀን፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ቶሎ አልገባለትም። አግዳሚው ላይ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ደቂቃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ክሩ እንደምንም ገባና አለፈ፤ ሰዉም ትንፋሹን ለቀቀ። የአምስት ሰዓቱ ፈተና ግን ይቀራል። ሉቃስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ያሞቃል። ጋሽ ጦና ቢላቸውን አስቀምጠው ወጡና ለሰዎቹ እውነቱን ነገሯቸው። ዓሣው የትናንቱ ዓይነት ነው፣ ከዚያው ቦታ የተያዘ ነው፣ የልጁ አንደበትም ደህና ነው፤ የደከመው እጁ ነው። ሆኖም መብራቱ ካልበራ ዓሣው ይቀበራል፣ ቤቱም ለአንድ ወር ይታሸጋል። ወር ከታሸገ በኋላ የቤት ኪራዩን እንደማይችሉት ሁሉም ያውቅ ነበር።

 መጀመሪያ የተናገሩት መምህር ግርማቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ጋሽ ጦና ቤት መብላት የጀመሩት በአባትየው ጊዜ ነው፤ ቅልቅል ሆዳቸው አይቀበልም።

«ዓይኗ የምታየው ጓንት ነው» አሉ፣ ወደ አስካለ ዞረው። «አንቺ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነሽ።»

አስካለ ገባች። ለምን እንደገባች በኋላ ብዙ ጊዜ ራሷን ጠይቃለች። ርቧት ነበር። ለሉቃስም አዝናለት ነበር። ባንኮኒው ላይ ክርኗን የምታሳርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ነበራት፤ እርሱን ማጣት አልፈለገችም። የትኛው እንደበለጠ አታውቅም። ሰማያዊውን ጓንት አጠለቀች፣ ከሉቃስ ጎን ጎንበስ አለች፤ እርሱ የወንድሙን ስምና ቀኑን ሲናገር እርሷ ክሩን በአንድ ጊዜ አሳለፈች። ነጩ መብራት በራ። ስድስቱም ገብተው በሉ። የዚያን ቀን ጋሽ ጦና የአስካለን ሳህን ከሁሉ አስቀድመው ሰጧት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋ ሆነ። የሁለትና የሦስት ሰዓቱን ፈተና ሉቃስ ራሱ፣ እጁ ገና ሳይዝል፣ እንደምንም ይወጣዋል። የአራቱንና የአምስቱን አስካለ ደርሳ ታሳልፍለታለች። አጠገቡ ስትቀመጥ ያወሩ ነበር። የእጁ ጣቶች የሌላ ሰው እንደሚመስሉት፣ ሸሚዙን የምትቆልፍለት አማረች እንደሆነች ነገራት። አንድ ጊዜ አስካለ ለምን እንደማይተወው ጠየቀችው። ትቼ ምን እሆናለሁ፣ አላት፤ ቅልቅል የሚታደለው ሥራ ላለው ነው፣ እህቴም የምትበላው ከእኔው ድርሻ ነው።  እርሷም ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

ሐምሌ ገባ። ሽፋኑ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ያዘ።

በወሩ በአሥራ ሰባተኛው ቀን አስካለ አራት ሰዓት ካለፈ ጥቂት ቆይታ ደረሰች። የፋብሪካው አውቶብስ ዘግይቶባት ነበር። ሉቃስ የአራት ሰዓቱን ፈተና ራሱ አልፎ ጠበቃት። በመጨረሻዋ ሰከንድ፣ አለ ፈገግ ብሎ። ፊቱ ላብ በላብ ነበር፤ ግን ቀኑም ሞቃት ነበር። ስለ ዝናቡ አወሩ። አምስት ሰዓት ሲሆን ጓንቱን አጠለቀች። ሉቃስ መናገር ጀመረ። የወንድሙ ስም ማርቆስ ነው። የመጨረሻዋ ፊደል ስትወጣ ወፈር፣ ረጠብ ብላ ወጣች፤ ምላሱ ጥርሱ ላይ የተጣበቀ ይመስል ነበር። አስካለ ሰማች። እጇ ለቅጽበት ቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስነጥስ እንደነበር ትዝ አላት፤ ጉንፋን ነው አለች በልቧ፤ ክሩንም አሳለፈችው።

ነጩ መብራት በራ። መጋረጃው ተነሣ። ስድስት ሰው ገባ።

አስካለ ጓንቱን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ እስክትወጣ ሌሎቹ ጀምረው ነበር። መምህር ግርማቸው ስለ ድሮው ዳርቻ እየተረኩ፣ ውሃው በልጅነታቸው የት ድረስ ይመጣ እንደነበር በጣታቸው ባንኮኒው ላይ እየሣሉ ሳህናቸውን ጨረሱ። አስካለ ሁለተኛውን ጉርሻ ስትውጥ ከኋላዋ ወንበር ወደቀ። ሉቃስ መሬት ላይ ነበር። ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፣ ሁሉንም ያያል፣ ደረቱ ግን አይነሣም። ጋሽ ጦና ባንኮኒውን ዘለው ወጡ፤ ሽማግሌ እንደዚያ ሲዘል አስካለ አይታ አታውቅም። እርሳቸውና አስካለ ተንበርክከው ደረቱን ተጫኑት። አምቡላንስ እስኪመጣ አላቋረጡም። ሲመጣ ሉቃስ ካለፈ ቆይቷል።

መምህር ግርማቸው በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። ታምሩ የሚባል የሞተር ጠጋኝና አንዲት የባንክ ጥበቃ ተረፉ፤ ግን ያለ ምርኩዝ መራመድ አልቻሉም። የቀሩት ሦስት ሰዎች ታመው ዳኑ። የአስካለ ከንፈር ለአሥር ቀን ደነዘዘና ተመለሰ።

ወደ ሉቃስ ለቅሶ ሄደች። አማረች ድንኳኑ መግቢያ ላይ ተቀምጣ ነበር። አስካለ ልትነግራት አስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ አማረች ግን እጇን ይዛ፣ ወንድሜ ስለ አንቺ ያወራ ነበር፣ ክር የምታሳልፍልኝ እርሷ ናት ይለኝ ነበር አለቻት። በድምጿ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይቀላት እንደነበር አስካለ ያኔ ገባት። እስኪመሽ ተቀምጣ ሳትነግራት ወደ ቤቷ ሄደች።

በሳምንቱ ተቆጣጣሪዋ ወደ ፋብሪካው መጥታ አስካለን ባዶ ክፍል ውስጥ አነጋገረቻት። ወጣት ናት፤ በጣም የደከማት ትመስላለች። ቀረጻውን አይታለች። አራቱም ፈተና በጊዜው ታልፏል። ስለዚህ በደንቡ መሠረት ዓሣው ንጹሕ ነው፣ የሞቱትም ሰዎች በሌላ ምክንያት የሞቱ ናቸው፤ ምናልባት በሙቀቱ። የቀራት የደንበኞችን ቃል መቀበል ብቻ ነበር።

አስካለ «በቀረጻው ላይ ያሉት እጆች የእኔ ናቸው» አለች።

ተቆጣጣሪዋ መጻፏን አቆመች።

«ከግንቦት ጀምሮ ክሩን የማሳልፍለት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን አንደበቱ ሲከብድ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው ያሳለፍኩት።»

 ተቆጣጣሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳቻት። ይህን ከጻፈች አስካለ ትታሰራለች፤ እርሱ አንድ ነገር ነው። ግን ደግሞ ሌላ ሰው ክር ሊያሳልፍ ይችላል ማለት ፈተናው አይሠራም ማለት ነው፤ በሐይቁ ዙሪያ ያሉት አርባ ሦስት ቤቶች በአንድ ቀን ይዘጋሉ፤ አርባ ሦስት ቀማሾች ሥራቸውንና ቅልቅላቸውን ያጣሉ።

«እኔም ምሳዬን የምበላው ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ነው» አለች ተቆጣጣሪዋ። «ያልሽኝን አልሰማሁም። ባትደግሚው ይሻላል።»

አስካለ ደገመችው። ተቆጣጣሪዋ ግን ወረቀቷን አጥፋ ተነሥታ ነበር።

ቤቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንዲከፈት ተፈቀደለት። ጋሽ ጦና ግን ቀማሽ አልነበራቸውም። አስካለ ስትሄድ ባዶ ባንኮኒ ላይ መርፌና ክር ይዘው ሲለማመዱ አገኘቻቸው። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ቀዳዳውን አይለይም፤ አንዴም አልገባላቸውም። ቀና ብለው ሳያዩዋት፣ ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ አሉ፤ በመታወቂያው ጊዜ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ከዚያ ቤቱን ቢዘጉት ሌላ ሰው እንደማይሞት፣ ቢዘጉት ግን የሚሠሩትን እንደማያውቁ፣ ሌሊት ሌሊት ሁለቱን ሲያመዛዝኑ እንደሚነጋባቸው ነገሯት።

«እኔ እቀምሳለሁ» አለች አስካለ።

«አንቺ ሥራ አለሽ።»

«የቆመ መሣሪያ የለም፣ ጋሽ ጦና። እዚያ ብኖርም ባልኖርም ይሰፋሉ።» ትንሽ ቆይታም «እስከ አምስት ሰዓት ግን ከእኔ በቀር ማንም እንዳይገባ። እርስዎም ቢሆኑ አጠገቤ አይድረሱ» አለች።

እሺ አሉ።

ነሐሴ አንድ ቀን በራሷ ስም ተመዝግባ ጀመረች። በማለዳ ጋሽ ጦና የመጀመሪያውን ቁራጭ፣ ከዓሣው ሆድ በኩል ያለውን ስቡን፣ ሳህን ላይ አድርገው ፊቷ አስቀመጡላት። ለደንበኛ የማይቀርብ ቁራጭ ነው። ዘጠኝ ዓመት ስትመላለስ እንደዚያ ያለ ጣዕም አፏ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ስለጣፈጣት አፈረች።

ደንበኞች ተመለሱ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ በመስከረም አግዳሚው ሞላ። ታምሩ በምርኩዙ እየተደገፈ መጣ። አስካለ ስታየው ደነገጠች፤ እርሱ ግን ሰው በለመደበት ቦታ ካልበላ የት ይበላል ብሎ ቀልዶ ተቀመጠ። በየጠዋቱ በመስኮቱ ሰላም ይሏታል፣ እርሷም አንድ በአንድ፣ ጥርት አድርጋ ትመልሳለች። በየቀኑ ነጩ መብራት ይበራል። ሰዉ ይገባል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። አንድም ሰው አልታመመም። በስምንተኛው ወር አስካለ የሻይ ብርጭቆ ስትይዝ ሙቀቱ ይሰማት እንደሆነ ማጣራት ጀምራ ነበር።

በሚያዝያ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሦስቱን ፈተና አልፋ ለአምስት ሰዓቱ ስትቀመጥ በቀኝ እጇ አመልካች ጣት መርፌው አልተሰማትም። ስሟንና ቀኑን ተናገረች። ድምጿ የራሷ ድምጽ ነበር። ክሩ ግን ከቀዳዳው ጎን እየታጠፈ ይቀራል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አራቴ። ከውጭ፣ አግዳሚው ላይ፣ ሰዎች ብድግ ብድግ አሉ። ታምሩ ምርኩዙን ይዞ በሩ ድረስ መጣና ገርበብ አደረገው።

«እትዬ አስካለ፣ አንደበትሽ ደህና ነው፤ ሰማንሽ እኮ። እጅሽ ነው የደከመው» አለ። «እኔ ሽቦ ስጠግን ነው የኖርኩት። ላሳልፍልሽ።»

ቀና ብላ አየችው። ሊያታልላት አልነበረም የመጣው። ርቦታል፣ አዝኖላታልም። ያቺን ፊት አስካለ ከውስጥ በኩል ታውቃታለች።

«በሩን ዝጋው ታምሩ» አለችው።

«ደቂቃው ሊያልቅ ነው።»

«ዝጋው።»

መርፌውን አስቀመጠችና ሁለቱንም እጆቿን ግድግዳው ላይ ባለችው ዓይን ፊት ዘርግታ ጠበቀች። ቀዩ መብራት በራ።

ጋሽ ጦና ከባንኮኒው ኋላ ሆነው፣ ዓሣው ነው ወይስ እጅሽ ብለው ጠየቋት። አላውቅም አለች። እውነቷን ነበር። ሰባት ኪሎ ቆሮሶ በተቆረጠበት መልኩ፣ ንጹሕና አንጸባራቂ ሆኖ፣ ሰሌዳው ላይ ተደርድሯል። ጋሽ ጦና ለጥቂት ጊዜ አዩት፤ ከዚያ በባልዲ ሰብስበው፣ ከጓሮ ቆፍረው፣ ኖራ ነስንሰው ቀበሩት። አግዳሚው ላይ ይጠብቁ የነበሩት ስምንት ሰዎች ከመስኮቱ ውጭ ቆመው ይህን ሁሉ አዩ። አንዲት ሴት አስካለ ስትወጣ መንገድ ለቀቀችላት፣ ግን ፊቷን አዞረች።  አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ቤቱ ለአንድ ወር ታሸገ። ወሩ ሲያልቅ ጋሽ ጦና ሊከፍቱት አልቻሉም፤ የዋንዛውን ባንኮኒ አንድ ሆቴል ለማስጌጫ ገዛው። አስካለ ያን ማክሰኞ ሹራቧን መቆለፍ አቅቷት እንደተከፈተ በነፋሱ ውስጥ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ደርሳ ውሃ አሞቀች፣ ቅልቅሏን በጥብጣ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ደግፋ ጠጣች። ከንፈሯን በየሰዓቱ በጥርሷ ነከስ እያደረገች አደረች። አልደነዘዘም። ቢሆንም አንዳንዴ፣ እጅግ ትንሽ ሲሆን፣ ሽፋኑ ከጣት አያልፍም ይባላል።

ዓሣው ደህና ይሁን አይሁን እስካሁን የሚያውቅ የለም።